እንግዳና የቤት ልጅ፤ በኖርዲክ አገሮች ስለሚኖሩ ጥቁር ሴቶች አስተሳሰብና ስለ ወገንነት ጥያቄ

፩. የጥያቄው መነሻ

በአገራችን «ቤት ለእንግዳ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይነሡለታል፤ ከተገኘው ምግብ የተሻለው ይቀርብለታል፤ የመጣበትም አገር በትሕትና ይጠየቃል። ሆኖም ይህን ክብር የሚቀበል ሰው፣ በዚሁ ክብር ምክንያት የቤቱ ልጅ አለመሆኑ ይታወቅበታል። የቤት ልጅ ከወዴት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ስለ በላው እንጀራም በየቀኑ እንዲያመሰግን አይጠበቅበትም። የቤቱ ሥርዓት ሲጓደል ይቈጣል፤ ይወቅሳልም፤ ስለ ወቀሰም ከቤት ውጣ የሚለው የለም።

ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድና አይስላንድ በአንድነት የኖርዲክ አገሮች ተብለው ይጠራሉ። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ አፍሪቃውያንና የአፍሪቃ ተወላጆች የሆኑ ሴቶች ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ በመጻሕፍት፣ በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ፣ እንዲሁም በማኅበር እየተሰበሰቡ የሚያነሡት ጥያቄ ከላይ ከተነገረው ልዩነት የሚመነጭ ነው። አገሮቹ በወንድና በሴት እኩልነት በዓለም ፊት የተመሰገኑ ናቸው። ታዲያ የሴት መብት በተከበረበት አገር ጥቁር ሴት፣ በዚያው ተወልዳ ያደገችው እንኳ ሳትቀር፣ ስለ ምን ዘወትር እንደ እንግዳ ትቈጠራለች?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሴቶቹ ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ከነታሪካዊ መሠረቱ ማስረዳት ነው። መልሱም በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ጥቁር ሴት በእነዚህ አገሮች ብዙ ጊዜ ታይታለች፤ የተሰማችበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው፤ ወገንነትም የሚገኘው በመታየት ሳይሆን ራስን በመረጡት ስም በመጥራትና ቤቱን እንደ ቤት ልጅ ለመውቀስ በመቻል ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

፪. ጥቁር ፌሚኒዝም ምን ማለት ነው?

ፌሚኒዝም ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብትና ክብር እንዲኖራቸው የሚሻ አስተሳሰብና ንቅናቄ ነው። ጥቁር ፌሚኒዝም የሚባለው በተለይ በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ዘንድ የተወለደው ክፍሉ ነው። የትምህርቱም ፍሬ ነገር በቀለም፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ የሚደርሱ በደሎች ተራ በተራ የሚመጡ ሳይሆኑ ተሳስረው በአንድ ሰው ላይ በአንድነት የሚወድቁ መሆናቸው ነው። ኮምባሂ ሪቨር የተባለው የቦስተን ጥቁር ሴቶች ማኅበር በ1977 ባወጣው መግለጫ ይህን ሐሳብ በግልጽ አስፍሮታል።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። በሴንት ሉዊስ ከተማ አምስት ጥቁር ሴቶች ጀኔራል ሞተርስ የተባለውን የመኪና ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት በዚያ ፋብሪካ ጥቁር ሴቶችን አልቀጠረም ነበር፤ ኋላ ሠራተኛ ሲቀንስ በመጨረሻ የተቀጠረው በመጀመሪያ ይሰናበት በሚል ደንብ ስለ ሠራ፣ ዘግይተው የገቡት ጥቁር ሴቶች ሥራቸውን አጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 በሰጠው ፍርድ ኩባንያው ከቀድሞም ሴቶችን ይቀጥር ስለ ነበር የጾታ አድልዎ አልታየም አለ፤ የተቀጠሩት ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። የቀለሙን አቤቱታ ደግሞ ከሌሎች ጥቁር ሠራተኞች ክስ ጋር እንዲያጣምሩት መከረ፤ ሁለቱን በደል አዋሕዶ አንድ ክስ ማድረግን ግን አልተቀበለም። እንግዲህ ሕጉ ሴትንም ጥቁርንም ያውቅ ነበር፤ ጥቁር ሴትን ግን አላወቃትም። የሕግ ሊቅ የሆኑት ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ይህን ፍርድ መርምረው፣ ጥቁር ሴት በመስቀለኛ መንገድ ላይ እንደ ቆመች ሰው መሆንዋንና አደጋው ከአንዱም ከሌላውም፣ ከሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜም ሊመጣባት እንደሚችል አስረዱ።

ይህ ትምህርት ወደ ሰሜን አውሮፓ በተሻገረ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ ባሪያ ፈንጋዮች አልነበርንም፤ ቅኝ ግዛትም አልያዝንም» የሚል ነው። ስለዚህ የኖርዲክ ጥቁር ሴቶች አስቀድመው የተጋፈጡት ይህን አባባል ነው፤ የጀመሩትም ከታሪክ ነው።

፫. የታዩ፣ ነገር ግን ያልተሰሙ

ስዊድን በካሪብ ባሕር የምትገኘውን ሴንት ባርተሌሚ የተባለች ደሴት ከ1784 እስከ 1878 ድረስ ይዛ ነበር፤ በዚያም ባርነት በሕግ የቀረው በ1847 ነው። ዴንማርክ ደግሞ ሴንት ክሮይ፣ ሴንት ቶማስና ሴንት ጆን የተባሉትን ደሴቶች እስከ 1917 ገዝታ፣ በዚያ ዓመት በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠቻቸው።

በሴንት ክሮይ ባርነት በ1848 ቢሻርም፣ በተከታዩ ዓመት የወጣው የሥራ ደንብ ሠራተኛውን በዓመት ውል ከእርሻው ጋር ያስረው ነበር፤ ጌታ ለመለወጥም የሚፈቀደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በኦክቶበር 1 ቀን 1878 ሠራተኞቹ በዚህ ላይ ተነሡ፤ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎችንና የፍሬድሪክስቴድን ከተማ ታላቅ ክፍል አቃጠሉ። ዐመፁ ከተገታ በኋላ 12 ሰዎች በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ተገደሉ። ከመሪዎቹ መካከል ሴቶች ነበሩ፤ ሜሪ ቶማስ፣ አክሴሊን «አግነስ» ሰሎሞን፣ ማቲልዳ ማክቢንና ሱዛና አብርሃምሰን ይባላሉ። በ1882 ወደ ኮፐንሀገን ተወስደው እስከ 1887 ድረስ በክርስቲያንስሃውን የሴቶች ወህኒ ቤት ታስረው ቈዩ። በዴንማርክ መዝገብ የተጻፉት እንደ ወንጀለኞች ነው፤ የደሴቲቱ ሕዝብ ግን በዜማውና በትውስታው ንግሥቶች ብሎ ጠራቸው። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ስም ሲወጣ ስሙን ማን አወጣው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1905 ደግሞ ቪክቶር ኮርኔሊንስና አልበርታ ሮበርትስ የተባሉ ሁለት ሕፃናት ከሴንት ክሮይ ተወስደው በኮፐንሀገን ቲቮሊ በተባለው መናፈሻ በተዘጋጀው የቅኝ ግዛት ትርኢት ለሕዝብ እንዲታዩ ተደረጉ። ሕፃናት እንደ መሆናቸው በትርኢቱ ሥፍራ ወዲያና ወዲህ ቢሉ ከፍርግርግ ውስጥ ተዘጋባቸው። ቪክቶር አድጎ በናክስኮቭ ከተማ የተከበረ መምህር ሆነ፤ የራሱንም ታሪክ ለመናገር በቃ። አልበርታ ግን ገና በወጣትነትዋ፣ ደሴቶቹ በተሸጡበት በ1917 ሞተች፤ በራስዋ አንደበት የተነገረ ታሪክ አልቀረላትም።

በፊንላንድ የምትታወሰው ሮዛ ኤሚሊያ ክሌይ ናት። በ1875 በዛሬዋ ናሚቢያ በኦማሩሩ ከእንግሊዛዊ አባትና ከአፍሪቃዊት እናት ተወለደች፤ በ1888 የፊንላንድ ሚሲዮናውያን ወደ አገራቸው ወሰዱዋት። በመምህራን ማሠልጠኛ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ በ1899ም የፊንላንድን ዜግነት በማግኘት ከአፍሪቃ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ሆነች። ፊንላንድ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ሮዛ ቋንቋውንና ልማዱን ፈጽማ የያዘች፣ የሕዝብ ልጆችን ያስተማረች፣ ዜግነትዋም በሕግ የጸና ነበረች። ይሁን እንጂ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በዚያም ከፊንላንዳውያን ስደተኞች ጋር ኖራ መዘምራኖቻቸውን እየመራች በ1959 አረፈች። እንግዲህ ፊንላንዳዊነቷን ይዛ የኖረችው ሁሉም ስደተኛ በሆነበት አገር መሆኑ የሚያሳስብ ነገር ነው።

መታየት ብቻውን ወገንነት አለመሆኑን በልብ ወለድ አጥርታ ያሳየችው ኔላ ላርሰን ናት። ላርሰን በ1891 በቺካጎ ከዴንማርካዊት እናትና ከካሪብ ደሴቶች ከመጣ አባት ተወለደች፤ በልጅነትዋም በዴንማርክ ኖራለች። በ1928 ባሳተመችው «አሸዋማ ረግረግ» ተብሎ ሊተረጐም በሚችለው መጽሐፍ፣ ሄልጋ ክሬን የተባለችው ገጸ ባሕርይ በአሜሪካ ካለው የቀለም አድልዎ ሸሽታ ወደ ኮፐንሀገን ዘመዶችዋ ትሄዳለች። በዚያ የሚሰድባት የለም፤ እንዲያውም ያከብሯታል። አክስትዋ ደማቅ ልብስና ትልልቅ ጌጥ እያለበሰች ለሰው ታሳያታለች፤ አንድ የታወቀ ሠዓሊም ሥዕልዋን ይሠራል። ሄልጋ ግን በሥዕሉ ውስጥ ራስዋን አላገኘችም፤ የሠዓሊውንም የጋብቻ ጥያቄ አልተቀበለችም። ላርሰን ያስተዋለችው ረቂቅ ነገር ይህ ነው፤ ጥላቻ ብቻ ሳይሆን አድናቆትም ሰውን ከሰውነት ወደ ጌጥነት ሊያወርድ ይችላል።

፬. ስምና ቍጥር

በሃያኛው ምዕት ዓመት ስዊድን ስለ ዘር የነበራት አቋም ከዳር እስከ ዳር ተለወጠ። በ1922 መንግሥት በኡፕሳላ ከተማ የዘር ሥነ ሕይወት ተቋም አቋቁሞ የሰዎችን ራስ ቅልና መልክ ያስለካ ነበር። ይህ ሥራ ኋላ እንደ ነውር ተቈጠረ፤ ዘር የሚለውም ቃል የሚያሳፍር ሆነ። ከጃንዩወሪ 2009 ጀምሮ በጸናው አድልዎን በሚከለክለው ሕግ ውስጥ ዘር የሚለው ቃል ወጥቶ ብሔረሰባዊ ወገንነት በሚለው ተጠቃለለ። ምክንያቱም ሰዎች ሁሉ አንድ ዘር ስለ ሆኑ ሕግ የሌለን ነገር መጥራት የለበትም የሚል ነበር።

ምክንያቱ በበጎ አሳብ የቀረበ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ዘር በተፈጥሮ ባይኖርም በሰው ዐይንና ልማድ ውስጥ ስለሚኖር፣ ቃሉን መሰረዝ ነገሩን አያጠፋም፤ የተበደለችውን ሴት የበደልዋን ስም ያሳጣታል እንጂ። የሕዝብ ቈጠራውም እንዲሁ ነው። የስዊድን መንግሥት የሚመዘግበው የትውልድ አገርን እንጂ ቀለምን ወይም ዘርን አይደለም። በውጭ አገር የተወለደ ሰው፣ ወይም በስዊድን ተወልዶ ሁለቱም ወላጆቹ በውጭ የተወለዱ ሰው፣ የውጭ መሠረት ያለው ይባላል። በዚህ አቈጣጠር አያቶችዋ ከጋምቢያ የመጡ፣ ወላጆችዋ ግን በስቶክሆልም የተወለዱ ልጅ ከቍጥር ትሰወራለች፤ በመንገድ ላይ ግን ማንም አይስታትም። ከዚህ የተነሣ በመንግሥት መዝገብ የማይታየው በሌላ ወገን ጥናት ተገለጠ። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ድርጅት በ12 አገሮች በሚኖሩ የአፍሪቃ ተወላጆች ላይ አድርጎ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከዘር ጥላቻ የመነጨ ትንኰሳ ደርሶብናል ያሉት በአማካይ ከመቶ 30 ሲሆኑ፣ በፊንላንድ ግን ከመቶ 63 ነበሩ፤ ይህም ከ12ቱ አገሮች ከፍተኛው ነው።

፭. ለማዳን የምትፈለግ ሴት

ጥቁር ፌሚኒዝም በኖርዲክ አገሮች የገጠመው ትልቁ ፈተና ከጠላት ሳይሆን ከወዳጅ የመጣ ነው። የእኩልነት ንቅናቄው አፍሪቃዊትን ሴት የሚያስባት በአብዛኛው ከባልዋ፣ ከአባትዋና ከልማድዋ ለማዳን ነው። ስዊድን በ1982 የሴት ልጅን ግርዛት በልዩ ሕግ በመከልከል ከምዕራብ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ ልማድ ለሴቶች ጤና ጎጂ ስለ ሆነ ሕጉ ትክክል ነው፤ ከአፍሪቃ የመጡ ብዙ ሴቶችም ለዚሁ ታግለዋል። ክርክሩ ያለው የአፍሪቃ ሴት ስሟ በተነሣ ቁጥር አካልዋ ብቻ ስለሚነሣ ነው።

በዚህ ነገር ጥቁር ሴቶች ራሳቸው አንድ አሳብ አይደሉም። በቡሩንዲ ከኮንጎ ወላጆች የተወለዱትና በ2006 የስዊድን የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሚኒስትር የሆኑት ኒያምኮ ሳቡኒ፣ በዚያው ዓመት ግርዛትን ለማጋለጥ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሁሉ በግዴታ በሐኪም እንዲመረመሩ አሳብ አቅርበው ነበር። አንዳንዱ ድፍረታቸውን አመሰገነ፤ ሌላው ግን የአካልን ክብር እናስጠብቃለን እያሉ በግዴታ መመርመር እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው ብሎ ነቀፈ።

በአፕሪል 2012 በስቶክሆልም ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሆነው ነገር ክርክሩን ለዓለም አሳየ። አፍሮ ስዊድናዊው ሠዓሊ ማኮዴ ሊንዴ በጥቁር አፍሪቃዊት ሴት አካል አምሳል ኬክ ሠርቶ፣ የራሱን ፊት ቀብቶ የሴቲቱ ራስ አደረገው፤ ኬኩ በተቈረጠ ቍጥርም ይጮኽ ነበር። የባህል ሚኒስትሯ በእንግዶች ፊት ቈረሱ፤ የተሰበሰበውም ሰው ሲሥቅ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ተሰራጨ። ሠዓሊው የግርዛትን ጭካኔና የተመልካቹን ዘረኝነት ለመግለጥ መፈለጉን ተናገረ። የአፍሮ ስዊድናውያን ብሔራዊ ማኅበር ግን ሚኒስትሯ ከሥልጣን እንዲወርዱ ጠየቀ። የሠዓሊውን አሳብ ብንቀበል እንኳ በዚያ አዳራሽ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ሁሉም የሚነጋገረው ስለ አፍሪቃዊት ሴት ሲሆን፣ ሴቲቱ ራስዋ የነበረችው በጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው ዝምታ አለመሆኑን በኖርዌይ ሦስት ወጣቶች አሳይተዋል። ከሶማሌ ቤተ ሰብ የተወለዱት አሚና ቢሌ ከሁለት የዐረብ ቤተ ሰብ ልጆች፣ ከናንሲ ሄርዝና ከሶፊያ ነስሪን ስሩር ጋር ሆነው በ2017 «ኀፍረት የለሽ» የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ በቤት ውስጥ ልጃገረዶችን የሚያስረውን የክብርና የኀፍረት ቍጥጥርም፣ ከቤት ውጭ የሚገጥማቸውን ንቀትም በአንድነት ወቀሱ። ሁለቱን ወገን በአንድ አፍ መውቀስ ቀላል አይደለም፤ የውጪው ሰው ወቀሳውን በማኅበረሰቡ ላይ ማስረጃ ያደርገዋል፤ የማኅበረሰቡ ሰው ደግሞ ገበናችንን ገለጡት ይላል። ነገር ግን የቤት ልጅነት ምልክቱ ይኸው ነው፤ ሁለቱንም ቤት የኔ ነው ብሎ መውቀስ።

፮. ራስን መሰየም

የአፍሮ ስዊድናውያን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1990 ነው። አፍሮ ስዊድናዊ የሚለው ስም ስደተኛ ከሚለው የሚለየው ሰውየው የመጣበትን ሳይሆን ያለበትን አገር ጭምር ስለሚናገር ነው። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የሆኑት ሊና ሶየር በ1990ዎቹ በስቶክሆልም ተቀምጠው ባጠኑትና በ2000 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ጥቁርነትና ስዊድናዊነት በአንድ ሰው ሊጣመሩ አይችሉም የሚለው አስተሳሰብ በዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ መርምረዋል።

በዴንማርክ ደግሞ ጃኔት ኤለርስና የሴንት ክሮይ ነዋሪ የሆኑት ላ ቮን ቤል የተባሉ ሁለት ሠዓልያት በማርች 31 ቀን 2018 «እኔ ንግሥት ሜሪ ነኝ» የተባለውን ሐውልት በኮፐንሀገን ወደብ አቆሙ። ቁመቱ 7 ሜትር ያህል ነበር፤ መልኩም ከሁለቱ ሠዓልያት አካል ተጣምሮ የተሠራ ነበር። ሴቲቱ በሰፊ ወንበር ተቀምጣ በአንድ እጅዋ ችቦ፣ በሌላው የአገዳ መቍረጫ ይዛለች። የተተከለችበትም ሥፍራ የደሴቶቹ ስኳር ይከማችበት ከነበረው መጋዘን ፊት ነው። በዴንማርክ ለጥቁር ሴት የቆመ የመጀመሪያው ሐውልት ይህ ነበር። በ2020 ማብቂያ ማዕበል ጎድቶት ከሥፍራው ተነሣ። ነገር ግን በወህኒ መዝገብ ወንጀለኛ ተብላ የተጻፈችው ሴት በዚያው ከተማ ንግሥት ተብላ ተጠራች፤ «እኔ» ብላም በራስዋ አፍ ተናገረች።

፯. ለእኛ ያለው ትርጕም

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ሰው በመልኩ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ይባላል። በዚህ ልማድ ያደገች ሴት ስቶክሆልም ስትደርስ በአንድ ቀን ጥቁር ትሆናለች። «እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ እንጂ ጥቁር አይደለሁም» ብላ ብትመልስ ስለ ታሪክዋ እውነት ተናግራለች፤ ነገር ግን መልሱ ከሌሎች አፍሪቃውያት የመለየት ፍላጎትም ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 መሆኑንና ባሪያ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላም በመልክና በትውልድ ምክንያት ስድብ ሆኖ መቅረቱን የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ስለዚህ ጥቁር የሚለውን ስም በፈቃድ መቀበል የቀለም ጉዳይ ሳይሆን ከማን ጋር እቆማለሁ የሚል የኅሊና ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ዴንማርክ የሄዱት ልጆች ናቸው። ይህ አሠራር ምክር ቤታችን በጃንዩወሪ 2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን እስከ ከለከለበት ጊዜ ድረስ ቈይቷል። እነዚህ ልጆች ስማቸው፣ ቋንቋቸው፣ እናታቸውና አባታቸው የየአገሩ ነው። ባዕድነት ከቋንቋና ከልማድ ጉድለት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ «በእውነት የመጣሽው ከወዴት ነው?» ተብለው ባልተጠየቁም ነበር። በቤታቸው ተወደው ያደጉ ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄው የሚጀምረው ከደጃፉ ውጭ ነው።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሥርዓት የተገኘ ነው፤ በዚያ ሥርዓት በሕዝብ ፊት የተወሰደ ልጅ የአሳዳጊውን ስምና የዘር ሐረግ ይይዛል፤ ይወርሳልም። በሌሎች አካባቢዎች ደግሞ አሳዳጊው ጣቱን በማር ነክሮ ሲያጠባው ልጁ የጡት ልጅ ይሆናል። ሁለቱም ሥርዓቶች የሚያስተምሩት ወገንነት በመልክ የሚታይ ሳይሆን በቃልና በምስክር የሚጸና መሆኑን ነው፤ ማኅበረሰቡም ምስክር ስለ ሆነ ደጃፉ ላይ የሚጠይቅ የለም።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ ነገር እናስታውሳለን። ሕዝቦችን በትርኢት የማሳየቱ ልማድና የእኛው የሥነ ሕዝብ ጥናት በአንድ ዘመን ያደጉ ናቸው፤ የራስ ቅል የለካውም እጅ የሊቃውንት እጅ ነበር። የኖርዲክ ጥቁር ሴቶች የሚያነሡት ወቀሳ እኛንም ይነካል ማለት ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ከመጻፍ አስቀድሞ ያ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረውን ማድመጥ፣ በመረጠውም ስም መጥራት፣ ለጥናታችን የመጀመሪያ ሕግ ሊሆን ይገባል።